ለጀማሪ አብሳይ፦ ማሽላ፣ ጥራጥሬና ባሚያ በመተማ ቆላ

አባትም እናትም በሌሉበት የየቲሞች ቤት ድስቱን የምትረከበው ብዙውን ጊዜ ታላቂቱ እህት ናት። ከእናቷ አጠገብ ቆማ ሳትማር የቀረችውን ሙያ ታናናሾቿ እየራባቸው ትጀምረዋለች። እኛም አንድ ኩንታል ማሽላ አድርሰን ስንመለስ ምግብ የሰጠን ይመስለናል፤ ማሽላ ግን ገና ምግብ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ለእርሷና ለሚያግዟት ጎረቤቶች የተዘጋጀ ነው።

እንደሚታወቀው በመተማና በቋራ ቆላ ዋናው የምግብ እህል ማሽላ ሲሆን ሰሊጡ በአብዛኛው ለገበያ ይወጣል። ማሽላ ኃይል ሰጪ ቢሆንም፣ ለልጆች እድገት የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በውስጡ አነስተኛ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ በዚሁ የበለጸጉ ናቸው። በመሆኑም የማሽላ እንጀራ ወይም ገንፎ ከጥራጥሬ ወጥ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሥጋ የማይገዛበት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

ገንፎ እንዳይጓጉል ጥቂት ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በፈላው ውሃ ላይ ማፍሰስ፣ ቀሪውንም ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በማማሰያ አጥብቆ ማገንፋት ይገባል። ሽምብራና ባቄላ ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይቀቀላል። ቲማቲምና ሎሚ የሚገቡት ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ከቀደመ ጥራጥሬው ሳይበስል ከሰሉ ያልቃል። ምስር መዘፍዘፍ አያሻውም፤ ለጀማሪ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ባሚያ በሚበዛበትና በሚረክስበት ወቅት በስሱ ከትፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርቆ መውቀጥ ነው። ከድንበሩ ማዶ ሱዳናውያን ወይካ የሚሉት ይኸው ነው። አንድ ማንኪያ የሚሆነው በሚፈላ ወጥ ላይ እየተበተነ ሲማሰል የቀጠነውን ያወፍረዋል፤ ሽንኩርትና ዘይት ባነሰበት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ እፍኝ ሰሊጥም ታምሶና ተወቅጦ በሕፃናቱ ገንፎ ላይ ቢጨመር ቅባት ይሆናል። የሰሊጥ አገር ልጅ ሰሊጥ ሳይቀምስ ቢያድግ ያሳዝናል።

በቆላው ሐሩር ጠዋት የተሠራ ወጥ ለማታ አይደርስም፤ ለአንድ ማዕድ የሚበቃው ብቻ ይሠራ። የተበላሸውን እንደገና ማፍላት አያድነውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሻጋታ ነው። ርጥበት የነካው ማሽላ ወይም ለውዝ ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት ጎጂ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ይህም በመታጠብም ሆነ በመብሰል አይወገድም። የተራበ ቤት እህል መጣል ይጨንቀዋልና አጥቦ አስፈጭቶ ይበላዋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአብሳይዋ ሳይሆን የሰጪው ነው፤ ከጎተራ ግርጌ የተረፈውን ለየቲም መስፈር ልማድ ሊሆንብን አይገባም። በሚቀጥለው ጊዜ ደረቁንና ንጹሑን ስፈሩ፤ ከማሽላው ጥቂት ቀንሳችሁ በዋጋው ምስር ጨምሩበት። ክዳን ያለው ድስትም አብሮ ይሂድ፤ ክዳን ከሰል ይቆጥባል።