ጭሮ ላይ ክረምቱን በንባብ ለማሳለፍ እሺ ከማለትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሰኔ ሲገባ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ ሻይ ቤቶች አንድ ወሬ ይነሳል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፣ መምህሩ የማጠቃለያ ፈተናውን አርሞ ይገላገላል፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከረመው ዘመድ ሊጠይቅ ይመጣል። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ይገናኙና «ዘንድሮስ ክረምቱን እናንብብ» ይባባላሉ። ወዲያው ስም መጥራት ይጀመራል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በዓሉ ግርማ፣ ስብሐት፣ አንዱ ደግሞ ዶስቶየቭስኪ ይላል። ነሐሴ ሲጋመስ ግን ከተጠሩት መጻሕፍት አንዱን እንኳ የጨረሰ አይገኝም።

ይህን በስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው። እንደኔ እንደኔ የክረምት ንባብ የሚበላሸው ገና ሲታቀድ ነው። የመጽሐፍ ስም ይመረጣል እንጂ መጽሐፉ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን በምን ቋንቋ እንደሚያነበው፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነበብ የሚጠይቅ የለም። እሺ ከማለትዎ በፊት እርስዎ ይጠይቁ።

እቅዱ የተያዘው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ይህን ለምን እንዳስቀደምኩት ሳይነገረው ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ በሁለት ወር አሥራ ሁለት መጽሐፍ ማንበብ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም አንዱን ልብ ወለድ ወደ ኦሮምኛ የመተርጎም ሥራ እዚያው ይከፋፈላል። ማታ ላይ ሁሉም ዝም ይላል። በርጫ ለወግ እንደሚመች አልክድም፤ በተነበበ መጽሐፍ ላይ ለመጨዋወት ከእሱ የተሻለ ሰዓት ብዙም አይገኝም። የሚነበበውን ለመምረጥና ገንዘብ ለማዋጣት ግን ጠዋት ሻይ ላይ ይነጋገሩ። ከመካከላችሁ የማይቅም ካለ ደግሞ ጨዋታው ሁልጊዜ በርጫ ላይ እንዳይሆን ከወዲሁ ይስማሙ፤ አለዚያ ያ ሰው ይቀራል፣ መቅረቱንም አይነግርዎትም።

ስንት ቅጂ በእጃችሁ አለ?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ አሮጌ መጽሐፍ እየገለበጡ መምረጥ ይቻላል፤ እዚህ ግን የሚገኘው ከትምህርት መርጃ መጻሕፍት ጎን በጥቂቱ የተደረደረው ወይም አዟሪ ይዞት የመጣው ነው። አዟሪ ደግሞ የሚይዘው ቶሎ የሚሸጠውን ነው፤ ስኬትን የሚሰብክ መጽሐፍ ይበዛል፣ ነባር ልብ ወለድ ያንሳል። ስለዚህ ስም ከመምረጥዎ በፊት የየቤታችሁን መደርደሪያና ሳጥን ይቁጠሩ። የአባት፣ የአጎት፣ የጡረታ መምህር ቤት ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ «ከአድማስ ባሻገር» ወይም «አደፍርስ» የማይጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱም የ1962 ዓ.ም. መጻሕፍት ናቸውና በአንድ ክረምት ጎን ለጎን ቢነበቡ ያምርባቸዋል።

ከሌለ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ዕቁብ ነው። አምስት ሰው በየሁለት ሳምንቱ የተወሰነ ብር ቢጥል ዕጣ የደረሰው መጽሐፍ ይገዛል፣ መጽሐፉ ይዞራል፣ በመጨረሻ ለገዢው ይቀራል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ቀድመው ያስጭኑ፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ ማስላክ የአንድ ሳምንት ጣጣ ነው። ሁለተኛው ኪራይ ነው። መያዣ አስይዞ በቀን ሒሳብ መጽሐፍ መውሰድ በየከተማው የነበረ ልማድ ነው፤ የሚያከራይ ካገኙ ለአጭር መጽሐፍ ያዋጣል፣ ለረጅም ግን መጨረሻ ላይ ከመግዣው በላይ ከፍለው ሊያገኙት ይችላሉ።

ሦስተኛው ሁሉም የሚሮጥበት ቴሌግራም ነው። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ መበተን ገና በሕግ የተከለከለ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለው፣ ደራሲው ካረፉ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነ ይህ ገደብ አያግደውም። በስልክ መነበብ ካለበት እሱ ይነበብ፤ አጭርም ነው። በመጨረሻው ላይ ንጉሡ ክርስትና እንደሚነሳ ግን አስቀድመው ይወቁ። ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ በሚያነብበት ቡድን ውስጥ ድንገት ከሚያጋጥም፣ የዘመኑ ሰው እንዴት ያስብ እንደነበር የሚያሳይ ነው ብሎ ማውራት ይሻላል።

ሁሉም ጓደኛ ፊደል እኩል ያነባል?

ይህን ጥያቄ ሰው ስለሚያፍርበት አያነሳውም። እዚህ ዞን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተማረው ወጣት ትምህርቱን የተከታተለው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። አማርኛውን ገበያ ላይም ሰፈር ላይም አቀላጥፎ ይናገራል፣ ይቀልድበታል፤ 500 ገጽ በፊደል ሲሰጡት ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ይደክማል። ከዚያ «አልተመቸኝም አቦ» ይላል እንጂ ማንበቡ ከበደኝ አይልም። እርስዎ ደግሞ መጽሐፍ የማይወድ ይመስልዎታል።

መፍትሔው እሱን መተው አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተተርኳል፤ ቅጂው ዛሬም በዩቲዩብ ይገኛል። አንዱ ሲያነብ ሌላው ያዳምጥ፤ ሲገናኙ ስለ ጉዱ ካሣ የሚከራከሩት እኩል ነው። እንዲያውም ወጋየሁን ያዳመጠው ሰው ፊታውራሪ መሸሻን ካነበበው ሰው አብልጦ እንደሚያውቃቸው ነው የሚሰማኝ።

ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይሄድም ያስቡ። በአፋን ኦሮሞም የዻባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ» እና የጋዲሳ ብሩ «ኩሳ ገዶ» ዛሬ እንደ ነባር የሚቆጠሩ ልብ ወለዶች ናቸው። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ጓደኛ ካለ ቁቤ የሚያነበው ምዕራፍ በምዕራፍ ይተርክለት። በአንድ ክረምት ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ መጽሐፍ ከተነበበ ቡድኑ ውስጥ ሁልጊዜ ተቀባይ የሚሆን ሰው አይኖርም።

ከየትኛው ይጀመር?

ምርጫው ለእኔ ቢተው ከከተማው ሰው እጀምራለሁ። ጭሮን፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ፣ በራስ ተፈሪ ዘመን ያቀኑት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው አድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው የተከራከሩ ሰው ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እሳቸው ናቸው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ነው። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ይዞ፣ አውሬ እያናገረ የዘመኑን ሹማምንት ይሸነቁጣል። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። መንገደኛ ምሳ በልቶ ወደ ሐረር የሚያልፍባት ይህች ከተማ ከአማርኛ ቴአትር ጋር በአንድ ሰው እጅ መወለዷን ስንት የጭሮ ተማሪ ያውቃል?

የሕይወት ታሪካቸውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትሞታል። ወፍራም ነው፤ ሁሉን ካልቻላችሁ ተከፋፈሉት። አንዱ አድዋን፣ አንዱ ሩሲያን፣ ሌላው ጨርጨርን ወስዶ ለሌሎቹ ይተርክ። የልጃቸው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) ደግሞ ቀጥሎ ይመጣል፤ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት አገሩ ላይ ምን እንደሚገጥመው ይተርካል። የአባትና የልጅ መጽሐፍ ተከታትሎ ማንበብ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ዕድል አይደለም።

ነገር ግን ይህን ከመምረጥዎ በፊት ጓደኞችዎን ይወቁ። ተክለ ሐዋርያት ደራሲ ብቻ አልነበሩም፤ ከመሐል አገር ተሹመው የመጡ ገዥ ነበሩ። የኢቱ ኦሮሞ ሽማግሌ አያቱ ስለዚያ ዘመን የነገሩት ሌላ ታሪክ ይኖረዋል፣ ጓደኛዎም ያን ይዞ ይመጣል። ከተማዋን አንዱ ጭሮ ሌላው አሰበ ተፈሪ ሲላት ዝም ተባብላችሁ የምታልፉ ከሆነ መጽሐፉ ያን ዝምታ ይሰብረዋል። እኔ ይሰበር ባይ ነኝ። የአያቱን ወግ የሚያውቅ ሰው ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን ቢያቀርበው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከማወቅ ይበልጣል። ለዚህ ያልተዘጋጀ ቡድን ከሆነ ግን በገለምሶው ልጅ በአፈንዲ ሙተቂ መጽሐፍ፣ «ኡመተ ፈናን ኡመተ ቀሽቲ»፣ ይጀምሩ፤ ስለ ሐረርጌ ሕዝብና ባህል ነው፣ ሁሉም የሚጨምረው አለው።

ቅጂው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተውኔት ይምረጡ። ልጅነቱን በሐረር ያሳለፈው መንግሥቱ ለማ የጻፈው «ጠልፎ በኪሴ» ጮክ ብሎ ለማንበብ የተሠራ ይመስላል፤ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍሎ አንድ መጽሐፍ እየተቀባበሉ በሁለት ከሰዓት ይጠናቀቃል።

የውጭ መጽሐፍ ከሆነስ?

ትርጉሙን ማን እንደሠራው ይጠይቁ። የቪክቶር ሁጎን «ምንዱባን» ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወደ አማርኛ መልሶታል፤ እንደዚህ ያለ እጅ ያለፈበት ይመረጥ። ነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመውን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ የሠራው በደርግ እስር ቤት፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ቅጂ አጣን ለሚል ጓደኛ ይህን ይንገሩት።

ጊዜውን ቆጥረዋል?

ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 65 ቀን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በቀን ስምንት ገጽ ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል። ከገጠር የመጣው ተማሪ ግን ክረምቱ የማሽላና የበቆሎ ኩትኳቶ ጊዜው ነው፤ መምህሩ ለክረምት ኮርስ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኙን ፈተናው እስኪያልፍ አይቁጠሩት፤ ፍልሰታን የሚጾም የነሐሴን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤት ውስጥ ያለችው እህት ደግሞ «ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም» ተብሎ ሥራው ይጨመርባታል እንጂ አይቀነስላትም፤ እሷም የቡድኑ አባል ከሆነች መገናኛውን ሰዓት እሷ ትምረጥ። መብራት ስለሚጠፋ የማታ ንባብ ላይ አይተማመኑ። ይህን ሁሉ ስትቀንሱ አንድ ረጅም ወይም ሁለት አጭር መጽሐፍ ይወጣችኋል። ከዚያ በላይ የሚፈርም ሰው ካለ የምርቃና እቅድ ነው።

ለክርክሩ ተዘጋጅተዋል?

መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው አትበሉ፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መጨረሻ ለማንም ምሥጢር አይደለም። «ኦሮማይ» ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ደብዛው እንዲጠፋ ምክንያት ሆነ የሚባል መጽሐፍ ነው፤ በቅርቡም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ስለ ኤርትራው ጦርነት ነው። በዚያ ግንባር አባቱን ወይም ወንድሙን ያጣ ሰው አጠገብዎ ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁትና ይምረጡ።

መጽሐፉ ማን ጋ ይቀራል?

ስሙን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ባለቤቱ ይጻፍ፤ ማን መቼ እንደወሰደ አንድ ሰው በደብተር ይያዝ። የቡድኑ ሰው ለመዝገብ ያፍራል፣ በኋላ ግን «መልሼልሃለሁ»፣ «አልመለስክም» ይመጣል። የጋራ የሆነውን በዕጣ ያካፍሉ ወይም ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይስጡ። ይህ ግን በጳጉሜን ይለቅ፤ መስከረም ሲጠባ ግማሹ ጓደኛ ወደ ሐረማያ ወይም ወደ ጅማ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነው፣ መጽሐፉም ሻንጣው ውስጥ።