ስለ ሠራተኛ መሰናበት

የሠራተኛ ደመወዝ የልጆቹ እንጀራ ነው። ስለዚህ አሠሪ በተቈጣ ቍጥር ሠራተኛውን ከሥራ ሊያስወጣው አይገባም። በ2011 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የታወጀው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ወይም አቤቱታ ስላቀረበ ከሥራ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከ9 ዓመት በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ችሎታው ቀንሶ ቢሰናበት እንኳ፣ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ዘንድ 3 ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረዋል።

ዳሩ ግን ሕጉ የአሠሪውን እጅ ፈጽሞ አላሰረም። በጽሑፍ ከተገሠጸ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ የዘገየ ሠራተኛ ቀን ሳይሰጠው ይሰናበታል። ሰነፍ የተወውን ሥራ ትጉህ ባልንጀራው ይሸከማልና።

እንግዲህ አሠሪ ምክንያቱን ይመርምር፤ ሠራተኛም ሰዓቱን ይጠብቅ። ቍጣ ዳኛ አይሁን፤ ስንፍናም ጠበቃ አያግኝ።