ሴል ላይን ታማሚን ምን ያህል ይወክላል? ኬ-562 እና ኤችኤል-60 በደም ካንሰር ምርምር

መግቢያ

የደም ካንሰር ወይም ሉኪሚያ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የደም ሕዋሳት የሚመረቱበት ሥርዓት ሲዛባ የሚከሰት በሽታ ነው። በሽታውን ለማጥናት ከታማሚው በቀጥታ የሚወሰድ ናሙና ተመራጭ ቢሆንም መጠኑ ጥቂት ነው፤ ከሰውነት ውጭ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ከታማሚ ታማሚም ይለያያል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያለገደብ እየተከፋፈሉ በሚኖሩ ሴል ላይኖች ላይ ይደገፋሉ። ይህ ጽሑፍ በስፋት የሚሠራባቸውን ሁለት ሴል ላይኖች መነሻ አድርጎ፣ የትኛውን ጥያቄ ሊመልሱ እንደሚችሉና የትኛውን እንደማይችሉ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ኬ-562፦ ጥንካሬውና ወሰኑ

ኬ-562 በ1975 ይፋ የሆነ ሴል ላይን ነው። የተገኘውም ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ከነበረባትና በሽታው ወደ አጣዳፊ ደረጃ ከተሸጋገረባት የ53 ዓመት ሴት፣ በሳንባ ሽፋን ውስጥ ከተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ሕዋሳቱ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም መለያ የሆነውን የዘረ-መል ውሕደት ይዘዋል። ይህን አጭር ክሮሞዞም ኖዌልና ሀንገርፎርድ በ1960 አስታወቁ፤ ጃኔት ሮውሊ ደግሞ በ1973 ክሮሞዞሙ የሚፈጠረው በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞዞሞች መካከል በሚደረግ የቁራጭ ልውውጥ መሆኑን አሳየች። ከልውውጡ የሚወለደው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለው ውሕድ ዘረ-መል፣ ያለ እረፍት የሚሠራ ታይሮሲን ካይኔዝ ኢንዛይም ያስገኛል።

በአሜሪካ በ2001 የተፈቀደው ኢማቲኒብ ይህንኑ ኢንዛይም የሚገታ መድኃኒት ነው። ኬ-562 ለኢማቲኒብ ተጋላጭ ሲሆን፣ ቢሲአር-ኤቢኤል የሌለው ኤችኤል-60 በተመሳሳይ መጠን እምብዛም አይነካም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የመድኃኒቱ ውጤት በዒላማው በኩል የመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ይረዳል። ሴል ላይን ከሁሉ ይበልጥ የሚታመነውም እንዲህ ላለው ጠባብና ግልጽ ጥያቄ ነው።

ሆኖም ኬ-562 የበሽታው ሙሉ ገጽታ አይደለም። አብዛኞቹ ታማሚዎች በሽታው የሚታወቅላቸው በዝግታ በሚሄድበት ደረጃ ላይ ሳሉ ነው፤ ኬ-562 ግን የመጨረሻው ደረጃ ውጤት ነው። ጉዳት የደረሰበትን ሕዋስ ለሞት የሚዳርገው ፒ53 ፕሮቲንም በውስጡ አይሠራም። ከዚህም በላይ በታማሚው መቅኔ ውስጥ ሳይከፋፈሉ የሚያደፍጡ የሉኪሚያ ግንድ ሕዋሳት ኢማቲኒብን ተቋቁመው ሊቆዩ ይችላሉ። ሁሉም በፍጥነት በሚባዙበት ጠርሙስ ውስጥ ይህ ችግር አይታይም። ስለዚህ ኬ-562 ሞተ ማለት በሽታው ከሥሩ ተነቀለ ማለት አይደለም።

2. ኤችኤል-60፦ የስያሜ ትምህርት

ኤችኤል-60 በ1977 ይፋ ሲሆን፣ ምንጩ የ36 ዓመት ሴት ነበረች። በመጀመሪያ በሽታዋ አጣዳፊ ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ በተደረገ ዳግም ምርመራ ግን የዚህ በሽታ መለያ የሆነው የ15ኛውና የ17ኛው ክሮሞዞሞች ልውውጥ በሕዋሳቱ ውስጥ እንደሌለ ታወቀ፤ ምደባውም ወደ ሌላ የአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ዓይነት ተዛወረ። ልውውጡን የያዘው ኤንቢ4 የተባለ ሴል ላይን የቀረበው በ1991 ነው።

ኤችኤል-60 በሬቲኖይክ አሲድ ወይም በዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ሲታከም ወደ በሰሉ ግራኑሎሳይቶች ይለወጣል። ይህም የካንሰር ሕዋስን ከመግደል ይልቅ ማብሰል ይቻላል ለሚለው አስተሳሰብ ጠንካራ ድጋፍ ሆኗል። ነገር ግን ኤችኤል-60 ለሬቲኖይክ አሲድ የሰጠውን ምላሽ በፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ ውስጥ ባለው ውሕድ ፕሮቲን ማብራራት አይቻልም፤ ፕሮቲኑ በውስጡ የለምና። የሚታየው ክስተት አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከበስተኋላው ያለው ስልት ሊለያይ ይችላል።

3. የአካባቢ ልዩነት

በመቅኔ ውስጥ የሉኪሚያ ሕዋስ ብቻውን አይኖርም። በዙሪያው ያሉ የስትሮማ ሕዋሳት በሚያመነጯቸው መልእክቶችና በቀጥታ ንክኪ ከመድኃኒት ይከልሉታል። የኦክስጅኑም መጠን በተለመደው ኢንኩቤተር ውስጥ ካለው፣ ከ20 በመቶ ጥቂት ዝቅ ከሚለው መጠን፣ እጅግ ያነሰ ነው። ስለሆነም ሴል ላይኑን ከስትሮማ ሕዋሳት ጋር አብሮ ማሳደግና በዝቅተኛ ኦክስጅን መፈተሽ ውጤቱን ወደ እውነታው ያቀርበዋል።

4. የማንነት ጥያቄ

ሴል ላይኑ በእርግጥ የተባለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በጀርመን የሚገኘው የሕዋሳት ማከማቻ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ዘገባ፣ ከተመረመሩት ከ500 በላይ የሉኪሚያና የሊምፎማ ሴል ላይኖች 15 በመቶ ያህሉ በሌላ የተበከሉ ወይም የተተኩ ነበሩ። ራሱን የቻለ ተደርጎ ይሠራበት የነበረው ዳሚ፣ ሄል የተባለው ቀደምት ሴል ላይን ሆኖ መገኘቱ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ይህ ስሕተት እኔንም አግኝቶኛል። በማስተርስ ጥናቴ ኬ-562 የሚል ምልክት ያለበትን ብልቃጥ ከፈሳሽ ናይትሮጅን አውጥቼ ስሠራ ሕዋሳቱ ለኢማቲኒብ አልበገር አሉኝ። መድኃኒት የሚቋቋም ዘር ያገኘሁ መስሎኝ አራት ወራት ደከምሁ። በመጨረሻ የማንነት ምርመራ ሲደረግ ሕዋሳቱ ኬ-562 እንዳልነበሩ ታወቀ፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍም ከጥናቴ ወጣ። ቢሲአር-ኤቢኤልን የሚፈልግ አንድ የፒሲአር ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሠራ ኖሮ ይህን ሁሉ ባስቀረ ነበር። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምርመራው ባይደረግና ግኝቱ ቢታተም ሊከተል ይችል የነበረው የሌሎች ድካም ነው።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለጀማሪ ተመራማሪ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ሴል ላይን ሲመረጥ መለኪያው የጥናቱ ጥያቄ እንጂ በማቀዝቀዣ ውስጥ መገኘቱ ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲጀመርና ሲያበቃ የአጫጭር ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቅንጣቶች ምርመራ ተደርጎ ማንነቱ ይረጋገጥ፤ የማይኮፕላዝማ ብክለትም በየጊዜው ይፈተሽ። ሦስተኛ፣ ሕዋሳቱ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ በተላለፉ ቁጥር ባሕርያቸው ስለሚለወጥ የዝውውሩ ብዛት ይመዝገብ። አራተኛ፣ ውጤቱ ቢያንስ በሌላ ሴል ላይን፣ ሲቻልም ከታማሚ በተወሰደ ናሙና ይደገም።

ሴል ላይን አንድን ጥያቄ ነጥሎ ለመመርመር የሚያስችል መሣሪያ እንጂ የታማሚው ምትክ አይደለም። ይህን ወሰን በጽሑፋችን ውስጥ በግልጽ ማስፈር ግኝታችንን ያስከብረዋል እንጂ አያሳንሰውም።