ያልተከፈተው የእናቴ ድምፅ

«እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከቤሩት ነው። ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናቴ ጥር ላይ አረፈች። ወንድሜ ደውሎ ሲነግረኝ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ማዳም እንዳትሰማኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተመልሼ የቀሩትን ሸሚዞች ጨረስኩ። አገር ቤት መሄድ አልቻልኩም። ፓስፖርቴም በእጄ አይደለም።

እናቴ ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። ማሟሻውን ከጎኗ ቁጭ ብዬ የምበላው እኔ ነበርኩ። መጋገር ስታስተምረኝ የመጀመሪያው እየተቦጫጨቀ ሲያስለቅሰኝ ‹ማሟሻ ቢበላሽ አትደንግጪ፣ ምጣዱ ገና አልጋለም› ትለኝ ነበር። አሁን ግን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ በመጨረሻ በቪዲዮ ያየኋት፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ያለባት እናቴ ናት።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ነበር። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ማታ እሰማዋለሁ አልኩ። ሌሊቱን አረፈች። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። ጓደኞቼ ‹አጥፊውና እርሺው፣ ሰው አገር ላይ እያለቀሱ አይኖርም› ይሉኛል። ላጥፋው ወይስ ልስማው?

የእናቷ ልጅ»

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስምንት ወር ዘግይቶም ቢሆን ይህን ቃል ልበልሽ።

አታጥፊው። እንዲያውም ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ለወንድምሽ አስተላልፊለት፤ ሳትከፍቺው መላክ ይቻላል። ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። ድምፅዋ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ከድምፁ በላይ ያስጨነቁኝ ግን እነዚያ ሸሚዞች ናቸው። አገራችን ላይ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ ነው በር የሚንኳኳው፤ ደግፎ የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር ቃሉ ከአፍ አይወጣም። ከዚያ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰው ይጎርፋል። በክርስቲያኑ ቤት ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ይቀጥላል። አልቃሿ የሟችን ሙያና ደግነት ስታነሳ አንዱ «እኔንም አብልታኛለች» ይላል፣ ሌላዋ «ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት» ትላለች። እንዲህ እየተባለ ነው ሟች ከሕመሙ አልጋ ተነስቶ ወደ ኖረበት ቤት የሚመለሰው። ላንቺ ይህ አልተደረገልሽም። እናትሽ እዚያው አልጋ ላይ የቀረችብሽ ለዚህ ይመስለኛል።

ጓደኞችሽ በክፋት አልመከሩሽም። እኔም እናቴን ስቀብር «ልጆችሽ ፊት አታንሻት» ተብዬ ሰምቻለሁ። ፎቶዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ዓመት ሙሉ ስሟ ቤታችን ውስጥ ሳይጠራ ከረመ፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጭኖ ነበር። አንድ ቀን ቡና ሳፈላ ትንሿ ልጄ «አያቴ ቡናዋን በስኳር ነበር በጨው?» አለችኝ። በጨው፣ አልኳት። ጨው ስትጨምር ሦስት ጣቷን እንዴት እንደምትሰበስብ ላሳያት እጄን አነሳሁ፤ የገዛ እጄ የእናቴን እጅ መሰለኝ። አለቀስኩ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እያለቀስኩ ደረቴ ቀለለኝ።

ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ንጋት ይተርካል። በጨለማና በብርድ፣ ጠባቂዎች በጠመንጃ ሰደፍ እየገፏቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ አጠገቡ ያለው እስረኛ የሚስቶቻቸውን ነገር አነሳበት። ፍራንክል ከዚያ ወዲያ የሄደው በሐሳቡ ከባለቤቱ ጋር እያወራ ነው። ይጠይቃታል፣ ትመልስለታለች፣ ፈገግታዋ ይታየዋል። በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም ነበር፤ መርዶዋን የሰማው ነፃ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ደጋግሜ የማስበው ፈገግ ስትል ያያት መሆኑን ነው።

አንቺም ቱቦ ያለባትን እናትሽን በግድ ለማባረር አትታገዪ፤ ስትታገያት ትብሳለች። ምጣድ አጠገብ የተቀመጠችውን ግን ጥሪያት። ማዳም ስትቆጣሽ፣ ነገር ሁሉ ከእጅሽ እየወደቀ ሲሰበርብሽ፣ እንደ ልጅነትሽ አጠገቧ ቁጭ በይ። ምን እንደምትልሽ ታውቂያለሽ። ያን ቃል ለዚህ ቀን ብላ ባትናገረውም ለዚህ ቀን ሆኖልሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሌሊት፣ ብቻሽን፣ ክፍልሽ ውስጥ አትክፈቺው። እሑድ ዕረፍት ካለሽ እዚያው ቤሩት ዶራ አካባቢ ከሚሰበሰቡት የአገርሽ ልጆች የምታምኛቸውን ሁለት ሦስቱን «የእናቴን ለቅሶ አብራችሁኝ ተቀመጡ» በያቸው። እምቢ የሚልሽ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም፤ ከመካከላቸው እንዳንቺ ሸሚዝ እየተኮሰች መርዶ የሰማች አትጠፋም። ቡና ይፈላ። መጀመሪያ አንቺ አውሪላቸው። በጎመን ዘር ምጣዱን እንዴት እንደምታስሰው፣ አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ ፊቷን እንዴት እንደሚሸፍነው፣ ዱቤ ለማን ለማን እንደምትሰጥ። «በቃ፣ አታልቅሺ» የምትልሽ ካለች ዝም እንድትል ንገሪያት። ከዚያ ልብሽ ከፈቀደ ክፈቺው። ካልፈቀደ ለሚቀጥለው እሑድ ይደር፤ ድምፁ አይሸሽም።

ትልቅ ኑዛዜ አትጠብቂ። እናት የምትልከው ብዙ ጊዜ «በልተሻል ወይ?» ነው። ማታ እሰማዋለሁ ማለትሽን ደግሞ እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው። የሠራሽው ለእሷው ቤት ነበር፤ ስትልክልሽም ሥራ ላይ መሆንሽን ታውቃለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ወይም መሞት ካሰኘሽ እሑድን አትጠብቂ። ያን ዕለት ለሚቀርብሽ ሰው ንገሪ፣ ሐኪምም ዘንድ ድረሺ።

ሙት ዓመቷ ጥር ላይ ነው። ወንድምሽ ተዝካሯን ሲያወጣ የመጀመሪያው እንጀራ በእሷው ምጣድ ቢጋገር ደስ ይለኛል። ስትደውዪለት ምጣዷ አሁን ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቂልኝ።