በተገልጋይ ፍላጎት የሚመራ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ግዢ፦ ስሌቱ፣ ደንቡና የባለቤትነት ጥያቄው

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ የዩኒቨርሲቲ አብያተ መጻሕፍት ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን አስቀድመው ከመግዛት ይልቅ አንባቢ በተጠቀመባቸው ጊዜ ብቻ የሚገዙበትን አሠራር ይመረምራል። የአሠራሩ ቁጠባ በሁለት ነገሮች ላይ እንደሚመሠረት በምሳሌያዊ ስሌት ያሳያል፤ እነርሱም የአጭር ጊዜ ውሰት ዋጋና ግዢ የሚፈጸምበት ደንብ ናቸው። ደንቡን የሚወስነው ቤተ መጻሕፍቱ ሲሆን ዋጋው ግን በአሳታሚው እጅ ነው። በመሆኑም የአንባቢ ጥያቄ ለግዢ ጠቃሚ መሪ ቢሆንም ብቻውን ስብስብ ሊገነባ እንደማይችል መጣጥፉ ይሞግታል።

1. የችግሩ መነሻ

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን መጽሐፍ ሲገዛ የኖረው ወደፊት ያስፈልጋል በሚል ግምት ነው። መምህራንና የስብስብ ባለሙያዎች ይመርጣሉ፤ መጽሐፉ ተገዝቶና ተመዝግቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢውን ይጠብቃል። ግምቱ ምን ያህል ትክክል እንደነበር በስፋት ከመረመሩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ አለን ኬንትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ እስከ 1975 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት አልወጡም። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው ዘገባ ከ1990 ወዲህ ከታተሙት የስብስቡ መጻሕፍት 55 በመቶ ያህሉ በውሰት ወጥተው እንደማያውቁ ገልጿል።

እነዚህ አኃዞች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የውሰት መዝገብ በንባብ አዳራሽ ውስጥ የሚደረገውን ንባብ ሁሉ አያሳይም። ዛሬ ያልተነበበ የምርምር መጽሐፍም ከሃያ ዓመት በኋላ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የበጀት ጫና በበረታበት ዘመን አኃዞቹ አንድ ጥያቄ ማስነሣታቸው አልቀረም፦ መጽሐፉ አንባቢውን ከሚጠብቅ ይልቅ ግዢው አንባቢውን ቢጠብቅስ?

2. የአሠራሩ አካሄድ

ሐሳቡ መጀመሪያ የተሞከረው በታተመ መጽሐፍ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አንባቢ በአብያተ መጻሕፍት የእርስ በርስ ውሰት የጠየቃቸውን አንዳንድ መጻሕፍት ከሌላ ተቋም ከመዋስ ይልቅ ገዝቶ ማቅረብ ጀመረ። በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ረገድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በኮሎራዶ የተመሠረተው ኔትላይብረሪ ፈር ቀዳጅ ነበር። ቀጥለው እንደ ኢብረሪና መነሻው አውስትራሊያ እንደሆነው ኢ.ቢ.ኤል. ያሉ አቅራቢዎች አሠራሩን አስፋፉት። በአሜሪካ የሚገኘው የመረጃ ደረጃዎች ድርጅት ኒሶ እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያ ሲያወጣለት አሠራሩ ከሙከራነት አልፎ መደበኛ የግዢ መንገድ ሆኖ ነበር።

አካሄዱ የሚከተለው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ከአቅራቢው ጋር የምርጫ መስፈርት ይስማማል፤ ይኸውም የትምህርት ዘርፍ፣ የኅትመት ዘመን፣ ቋንቋ፣ አሳታሚና የዋጋ ጣሪያ ነው። መስፈርቱን የሚያሟሉ መጻሕፍት መግለጫ ሳይገዙ በካታሎጉ ውስጥ ይገባል። አንባቢው መጽሐፉ የተገዛ ይሁን ያልተገዛ አያውቅም፤ ፈልጎ ያገኛል፣ ይከፍታል፣ ያነባል። ለጥቂት ደቂቃ የሚደረግ ማገላበጥ አያስከፍልም። ለምሳሌ በኢብረሪ አሠራር 10 ገጽ መመልከት፣ 10 ደቂቃ መቆየት ወይም መቅዳትና ማተም እንደ እውነተኛ አጠቃቀም ይቆጠር ነበር። ከዚህ ገደብ ሲታለፍ በውሉ መሠረት ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ መጽሐፉ ወዲያው ይገዛል፣ አለዚያም ቤተ መጻሕፍቱ ከመጽሐፉ ዋጋ የተወሰነ በመቶኛ ከፍሎ ለአጭር ጊዜ ይዋሰዋል። ውሰቱ አስቀድሞ የተወሰነ ቁጥር ከሞላ በኋላ የሚቀጥለው አጠቃቀም ግዢ ይሆናል።

3. ቁጠባው ከየት ይመጣል?

የአሠራሩን ባሕርይ ለመረዳት አንድ ምሳሌያዊ ስሌት ይጠቅማል። አንባቢዎች ከገደቡ በላይ የተጠቀሙባቸው 100 መጻሕፍት አሉ እንበል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ 100 ዶላር ነው። ከእነዚህ 70ዎቹ አንድ ጊዜ፣ 20ዎቹ ሁለት ጊዜ፣ 10ሩ አራት ጊዜ ተነበቡ። ደንቡ በመጀመሪያው አጠቃቀም መግዛት ቢሆን ወጪው 10,000 ዶላር ይሆናል፤ ቤተ መጻሕፍቱም 100 መጻሕፍት ይኖሩታል።

ደንቡ ሦስት ውሰት ፈቅዶ በአራተኛው አጠቃቀም መግዛት፣ የውሰቱ ዋጋም 10 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ የተነበቡት 700፣ ሁለት ጊዜ የተነበቡት 400፣ አራት ጊዜ የተነበቡት 1,300 ዶላር ያስወጣሉ። ድምሩ 2,400 ዶላር ነው፤ በባለቤትነት የሚቀሩት ግን 10 መጻሕፍት ብቻ ናቸው። ቁጠባው በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ከሚነበቡት መጻሕፍት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን የአንባቢው ባሕርይ ምንም ሳይለወጥ የውሰቱ ዋጋ ወደ 30 በመቶ ከፍ ይበል። የሦስት ውሰት ደንብ ባለበት ከቆየ ወጪው 2,100፣ 1,200 እና 1,900፣ በድምሩ 5,200 ዶላር ይሆናል። አራት ጊዜ የተነበበው መጽሐፍ እያንዳንዱ 190 ዶላር ፈጀ ማለት ነው፤ መጀመሪያውኑ ቢገዛ በ100 ዶላር ይገኝ ነበር። ደንቡ ተለውጦ አንድ ውሰት ብቻ ቢፈቀድና በሁለተኛው አጠቃቀም ቢገዛ ደግሞ ድምሩ 6,000 ዶላር ይሆናል፤ በባለቤትነት የሚቀሩት ግን 30 መጻሕፍት ናቸው። በሌላ አነጋገር ተጨማሪው 800 ዶላር 20 መጻሕፍትን አስገኘ፤ አንዱ በ40 ዶላር ተገዛ እንደማለት ነው። የውሰቱ ዋጋ 10 በመቶ በነበረበት ጊዜ ይኸው የደንብ ለውጥ 1,600 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ የውሰት ዋጋ ሲጨምር ቶሎ መግዛት አንጻራዊ ጥቅሙ ይጨምራል። ውሰትን ማብዛት ሁልጊዜ ይቆጥባል የሚለው የተለመደ አስተያየት ዋጋው ዝቅተኛ በሆነበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በርካታ አሳታሚዎች የአጭር ጊዜ ውሰት ዋጋን በአንድ ጊዜ ከፍ አደረጉ። ከእነርሱ ወገን ሲታይ ምክንያት ነበራቸው፤ ቀድሞ ሙሉ ዋጋ ያስገኝ የነበረው የምርምር መጽሐፍ አሁን የዋጋውን ጥቂት በመቶኛ ብቻ ማስገኘት ጀምሮ ነበር። ጥቂት አንባቢ ያለውን ጥልቅ የምርምር መጽሐፍ የማሳተም ወጪ ቀድሞ ይሸፍን የነበረው ይኸው የአብያተ መጻሕፍት ግምታዊ ግዢ ነው። የአንዱ ወገን ቁጠባ የሌላው ወገን ኪሳራ በመሆኑ ዋጋው ባለበት ሊቆይ አልቻለም።

4. ጥያቄ የማይደርስባቸው መጻሕፍት

አሠራሩ በተገልጋይ ፍላጎት የሚመራ ይባል እንጂ ተገልጋዩ የሚመርጠው አስቀድሞ ከተመረጠለት ውስጥ ነው። በአቅራቢው ዝርዝር ያልገባ መጽሐፍ በካታሎጉ አይታይም፤ ያልታየም አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀም አይገዛም። በመዝገቡ ላይ ግን ይህ ሁሉ «ፍላጎት የለም» ተብሎ ይነበባል።

በዚህ ረገድ ከኢትዮጵያ የሚወጡ ኅትመቶች ጥሩ ማሳያ ናቸው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ በአነስተኛ ቅጂ የሚታተም መጽሐፍ በአብዛኛው ወደ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት አቅራቢዎች ዝርዝር አይገባም። የአሜሪካ የምርምር አብያተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉ ኅትመቶችን ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 በናይሮቢ የከፈተው ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአካባቢው አገሮች መጻሕፍትንና መጽሔቶችን ይሰበስባል፤ በትብብር መርሐ ግብሩ ለታቀፉ አብያተ መጻሕፍትም ያደርሳል። ይህ ሥራ የግምታዊ ግዢ ባሕርይ አለው፤ መጽሐፉ የሚገዛው አንባቢ ከመጠየቁ በፊት ነው፤ ቅጂው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝምና።

አሠራሩን ራሱን ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ማምጣት ቢታሰብ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ክፍያው አንባቢው ባነበበበት ቅጽበት የሚፈጠር፣ መጠኑ አስቀድሞ የማይታወቅና በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ነው። የመንግሥት በጀት ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ለተወሰነ ዓላማ የተመደበ ነው። ሁለቱን ለማስማማት በቅድሚያ የተከፈለ ተቀማጭ ሒሳብና ተቀማጩ ሲያልቅ አገልግሎቱ የሚቆምበት ደንብ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ ጥቂት ቀደምት ተጠቃሚዎች የዓመቱን በጀት በወራት ሊጨርሱት ይችላሉ።

5. የባለቤትነት ጥያቄ

አሠራሩ ሌላም መሠረት አለው፤ ይኸውም ግዢው ሲፈጸም መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍቱ ዘላቂ ንብረት የመሆኑ ተስፋ ነው። ኢብረሪ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኢ.ቢ.ኤል. ደግሞ በ2013 ወደ ፕሮኩዌስት ተጠቃለሉ፤ ፕሮኩዌስትም በ2021 ወደ ክላሪቬት ገባ። ክላሪቬት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በአንድ ጊዜ ክፍያ ዘላቂ ባለቤትነት የሚያስገኘውን የመጻሕፍት ሽያጭ በዚያው ዓመት አቁሞ ወደ ዓመታዊ የደንበኝነት ክፍያ እንደሚዞር አስታወቀ። ከአብያተ መጻሕፍት ብርቱ ተቃውሞ በመነሣቱ የጊዜ ገደቡን ወደ ጁን 30 ቀን 2026 አራዘመ። ቀደም ሲል የተገዙት መጻሕፍት በገዢዎቹ እጅ ይቆያሉ፤ ርዕስ በርዕስ መሸጣቸውን የሚቀጥሉ ሌሎች አቅራቢዎችም አሉ። ውሳኔው ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል። በተገልጋይ ጥያቄ የሚገዛ ቤተ መጻሕፍት ውሳኔውን ወደፊት ያስተላልፋል፤ ጥያቄው በሚመጣበት ቀን ሻጩ አሁንም ሻጭ ሆኖ እንደሚቆይ ግን ዋስትና የለውም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሦስት የአሠራር ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የውሰት ቁጥርን የሚወስነው ደንብ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር እንደገና መሰላት አለበት፤ ወጪው ብቻ ሳይሆን በባለቤትነት የቀረው የመጽሐፍ ብዛትም በስሌቱ መግባት ይገባዋል። ሁለተኛ፣ በአቅራቢ ዝርዝር ለማይገቡ ኅትመቶች፣ በተለይም በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ለሚወጡት፣ ከጥያቄ በፊት የሚገዛበት የተለየ በጀት መከለል አለበት። ሦስተኛ፣ ለተቋሙ የምርምር ማንነት መሠረት የሆኑ መጻሕፍት በዘላቂ ባለቤትነት መያዝ እንጂ በተስፋ ዝርዝር ውስጥ መቆየት አይገባቸውም።

የፒትስበርግ ጥናት ያስነሣው ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ማንም የማያነበውን መጽሐፍ መግዛት ብክነት ነው። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ የዛሬን ፍላጎት ብቻ ይናገራል። ገና ላልተመዘገበው ተመራማሪ የሚናገርለት የስብስብ ባለሙያው ነው፤ ይህን ኃላፊነት ወደ ካታሎግ ደንብ ማስተላለፍ አይቻልም።