ከሱስ ለመውጣት የሚያስፈልግ ስንቅ

የዚህ ወር ትምህርታችን ስለ ሱስ ነው። ከመካከላችን ለወገብ ሕመም ብላ ትራማዶል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት የእንቅልፍ ኪኒን ጀምራ መተው ያቃታት አለች። “ጸልዪና ተዪው” ብለን ብቻ ብናልፋት አልረዳናትም።

ግራንፊልድና ክላውድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ፣ ሕክምና ሳይገቡ ከሱስ የወጡ ሰዎችን አጥንተዋል። ለመውጣት ቆራጥነት ብቻ አይበቃም፤ በእጅ ያለው ነገርም ወሳኝ ነው ይላሉ። እኔ ስንቅ ብዬዋለሁ።

1. የኑሮ ስንቅ፦ ማረፊያ፣ ገንዘብ።
2. የራስ ስንቅ፦ ጤና፣ ሙያ፣ እውቀት።
3. የሰው ስንቅ፦ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ኅብረት።
4. የእምነትና የባህል ስንቅ፦ የምንኖርለት ነገር።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በቬትናም ጦርነት ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል በሄሮይን ተይዞ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. የተመለሱትን ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ስትከታተል፣ ከሱሰኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና የተያዙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ቦታውም ሰዉም ተለውጦላቸው ነበር።

እኛ ግን ቦታ መለወጥ በእጃችን አይደለም። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ያለ፣ የእረፍት ቀን የሌላት እህት ወዴት ትሄዳለች? ስለዚህ የመጀመሪያውን ስንቅ ያጣችውን በሦስተኛው እንሙላላት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል!

እንዴት እንርዳት?

- ሚስጥሯን እንጠብቅ። ወሬው ማዳም ጆሮ ከገባ እንጀራዋ ይቋረጣል፤ ለእስርም ሊዳርጋት ይችላል።
- ብዙ ጊዜ የወሰደችውን የእንቅልፍ ኪኒን በአንድ ቀን አቁሚ አንበላት። ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ሊጥላት ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላት፤ የኪኒኑን ካርቶን ይዛ ትሂድ።
- ትራማዶል ትታ ከቆየች በኋላ ብትመለስ የድሮው መጠን ሊገድላት ይችላል፤ ሰውነቷ መልመዱን ትቷልና። ይህን ትወቅ።
- ሰዓት ቆርጠን እንደውልላት። ስልክ ከሌላት እሁድ አጠገቧ እንቀመጥ።
- ብትወድቅ በር አንዝጋባት። ያን ቀን ነው ይበልጥ የምታስፈልጓት።

ለውይይት፦ መክብብ 4 ከቁጥር 9 እስከ 12 አንብቡ። ከአራቱ ስንቆች አንቺ የትኛው አለሽ? ለማንስ ታካፍያለሽ?

እሁድ በሰላም ያገናኘን።