ነርስ በባልደረቦችዋ ፊት ስትቀርብ



የዛሬው ትምህርታችን በክሊኒካችን የሚያገለግሉትንና ወደፊት በነርስነት ለመሥራት ያሰቡትን በተለይ ይመለከታል። ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ወገኖቻችን መካከል ተምረው በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ብዙ ናቸው።

«ግምገማ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ሰው በስብሰባ ፊት ቆሞ ግለሂስ የሚያደርግበትን፣ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀበትን መድረክ ነው። ስለዚህ የግምገማ ደብዳቤ ሲደርሰን እንደነግጣለን። አንዳንዱ ሥራውን ጥሎ ይጠፋል፤ ሌላው ያልገባውን ወረቀት ይፈርማል። ሁለቱም ይጎዳሉ። መብቱን ያወቀ ግን ቆሞ ይመልሳል።

ለምሳሌ የቴክሳስን ሕግ እንመልከት። አንዲት ነርስ በሌሊት ተራዋ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ሰጠች ተባለች እንበል። በቴክሳስ የሙያዎች ሕግ ምዕራፍ 303 መሠረት ጉዳዩን የሚያየው የባልደረቦች ኮሚቴ ከአባላቱ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ነርሶች መሆን አለባቸው። በእርስዋ ቅጥርና ስንብት ላይ የሚወስን አለቃ ከኮሚቴው ውስጥ አይቀመጥም። የክፍለ ግዛቱ የነርስ ቦርድ ደንብ ደግሞ የሚከተሉትን መብቶች ይሰጣታል።

1ኛ/ ማስታወቂያ በጽሑፍ ይደርሳታል። ሆነ የተባለው ነገር ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው ይገለጽላታል። «ነገ ቅረቢ» ብሎ በቃል መንገር አይበቃም።

2ኛ/ የመዘጋጃ ጊዜ ታገኛለች። በመሠረቱ ኮሚቴው ማስታወቂያው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ሳይሞላ አይሰበሰብም፤ ከ45 ቀንም አያልፍም።

3ኛ/ የቀረቡባትን ሰነዶች ከመቅረብዋ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድማ ታያለች።

4ኛ/ በቃልም በጽሑፍም መልስ ትሰጣለች፤ ምስክር ትጠራለች፤ ምስክሮችን ትጠይቃለች። የሙያ ባልደረባ ወይም ጠበቃ ይዛ መቅረብም ትችላለች።

5ኛ/ ኮሚቴው ውሳኔ ላይ በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ ውጤቱን በጽሑፍ ትቀበላለች። ካልተስማማች በ10 ቀን ውስጥ መቃወሚያዋን ጽፋ ብትሰጥ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።

ከዚህም ሌላ ኮሚቴው ስሕተቱ ከነርስዋ አቅም ውጭ በሆነ ምክንያት የመጣ እንደሆነ መመርመር ግዴታው ነው። የሠራተኛ ማነስ፣ የመድኃኒት አቀማመጥ ጉድለት፣ የማይነበብ ትእዛዝ የመሳሰሉት ከዚህ ይቈጠራሉ። ስለዚህ ነርስዋ በዚያ ሌሊት ስንት በሽተኛ እንደነበራት ሳትረሳ በማስታወሻዋ ብትይዝ ይጠቅማታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ኮሚቴው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሥራው እውነቱን ማጣራትና ጉዳዩ ለቦርዱ መቅረብ ይገባው እንደሆነ መወሰን ነው። ከሥራ ማሰናበት የአሠሪው ጉዳይ ነው። የሌሎች ክፍላተ ግዛት ሕግም የተለየ ስለሆነ በየሄዱበት መጠየቅ ያሻል።

አባቶቻችን ዳኛ ግራ ቀኙን ሰምቶ ይፍረድ ይላሉ። ለመሰማት ግን መናገር ያስፈልጋል። እኛ በስደት ዝምታን ተምረናል፤ በሙያ ስማችን ላይ ሲመጣ ግን ዝምታ እንደ ማመን ይቈጠርብናል።

መልመጃ፦

ሀ/ ነርስዋ ማስታወቂያ ከደረሳት በ5ኛው ቀን ቅረቢ ብትባል ምን ብላ ትመልሳለች?

ለ/ በክሊኒካችን ስሕተት ሲፈጠር ከላይ ካየናቸው ነጥቦች የትኞቹን ልንሠራባቸው እንችላለን? በቡድን ተወያዩ።